ቋንቋ ለሚያስተምር ሰው የትኛው ቀለም ይሻላል? በአራት ኪሎና በፒያሳ ዙሪያ የሚገዙ የሥዕል ዕቃዎች ሲፈተሹ

ሥዕልን ከቋንቋ ትምህርት ጋር አዳብለው የሚሠሩ መምህራን ስታሽነሪ ሲገቡ ዓይናቸው መጀመሪያ የሚያርፈው ትልቁና ባለብዙ ቀለሙ ሳጥን ላይ ነው። ለሠዓሊ ልክ ሊሆን ይችላል። ለቋንቋ ተማሪ ግን መለኪያው ሌላ ነው፦ እጁ ሥራ ላይ እያለ አፉ ስንት ጊዜ ይከፈታል? ይህ ግምገማ በአራት ኪሎ፣ በፒያሳና በቸርችል ጎዳና ዙሪያ የሚገኙ ዕቃዎችን የሚያየው በዚህ መለኪያ ብቻ ነው። ዋጋ ከሱቅ ሱቅ፣ ከወር ወር ስለሚለዋወጥ በብር አልተጻፈም፤ የት ላይ መቆጠብ እንደሚያዋጣና የት ላይ እንደሚጎዳ ግን በየቦታው ተነግሯል።

አስቀድሞ ወሰኑ ይታወቅ። ይህ አካሄድ ሐሳብ የሚዋስበት የሥነ ጥበብ ሕክምና፣ ማለትም ሰው በሥዕል ሥራ እየታገዘ የሚታከምበት ዘዴ፣ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1942 ያወጣለት እንግሊዛዊው ሠዓሊ አድሪያን ሂል ነው፤ የሳንባ ነቀርሳ ታሞ በሚታከምበት ቦታ መሣል እንዴት እንደረዳው ካየ በኋላ የጀመረው ሥራ ነው። የቋንቋ መምህር ይህን ሕክምና አይሰጥም፤ የተማሪን ሥዕል አይቶ «ጥቁር ያበዛው ስላዘነ ነው» ብሎ መተርጎምም አይገባውም። ከሙያው መዋስ የሚችለው የዕቃ አመራረጡን፣ የጥያቄ አጠያየቁንና «ሥዕሉ የሠሪው ነው» የሚለውን ደንብ ነው። ይህ ሦስቱ በደንብ ከተያዘ ለክፍል በቂ ነው።

እኛ ዘንድ ይህ አካሄድ የሚሠራበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ይሉኝታ። ተማሪው ቃሉን ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም ዝም የሚለው፤ «ብሳሳት ምን ይሉኛል» ብሎ ነው። በዚያ ላይ ታላቅን ዓይን ለዓይን እያዩ መናገር ነውር ነው ተብሎ ያደገ ልጅ ፊት ለፊት አስቀምጠው «እስቲ በእንግሊዝኛ ስለ ቤተሰብህ ንገረኝ» ቢሉት ጭንቅ ይሆንበታል። መካከላቸው ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ሲኖር ግን መምህሩም ተማሪውም ወረቀቱን ያያሉ። አንገት ደፍቶ መናገር ያስችላል። ስህተቱም የሥዕሉ እንጂ የእሱ አይመስለውም።

ሌላው ጥቅም ለማስታወስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ አንድን ቃል ደጋግመው ከጻፉት ይልቅ የሣሉት ሰዎች ቃሉን በተሻለ ያስታውሱ ነበር። ለአንድ ቃል የተሰጣቸው ጊዜ 40 ሴኮንድ ብቻ ነው፤ የሥዕሉ ማማር አለማማርም ለውጥ አላመጣም። ለክፍል ትርጉሙ ይህ ነው፦ ለአዲስ ቃላት ውድ ቀለም አያስፈልግም። ተራ እርሳስና በስምንት ካሬ የታጠፈ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ይበቃል፤ ስምንት ቃል፣ ለእያንዳንዱ 40 ሴኮንድ። ላጲስ አይሰጥ። ላጲስ ያለው ተማሪ ጊዜውን የሚጨርሰው በማጥፋት ነው።

ቀለምና ሌላው ዕቃ የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ ተማሪው ቃሉን ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲያስገባ ነው። እዚህ ላይ ከሥነ ጥበብ ሕክምና የሚገኝ ጠቃሚ ሐሳብ አለ። ካጊንና ሉሴብሪንክ የተባሉ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ዕቃዎችን «ከሚፈስ» እስከ «እጅን ከሚቋቋም» ደርድረዋቸዋል። የውሃ ቀለም ይፈሳል፤ ስሜትን ያነሳሳል፣ ለመቆጣጠርም ያስቸግራል። እርሳስ፣ ቁራጭ ወረቀትና ጠጠር ያለ ጭቃ እጅን ይቋቋማሉ፤ ማሰብና ማቀድ ይጠይቃሉ። የሚናገር ተማሪ ከተፈለገ ወደሚቋቋሙት ማድላት ነው።

ቀድሞ ቢገዛ የሚመከረው ኦይል ፓስቴል፣ ማለትም በዘይትና በሰም የተሠራ ለስላሳ የቀለም ዘንግ ነው። ችግሩ ሻጭ ዘንድ ሁሉም ነገር «ከለር» መባሉ ነው፤ ሰም የበዛበት ክሬዮንም፣ ኦይል ፓስቴልም፣ ባለ እንጨቱም በአንድ ስም ይጠራሉ። ስለዚህ ሳጥኑን አስከፍቶ መፈተን ግድ ነው። ትርፍ ወረቀት ላይ ሁለት ሳንቲ ሜትር በሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ቦታ በሰማያዊ ይቀባል፤ በላዩ ቢጫ ይደረባል። ቢጫው ተያይዞ አረንጓዴ ከሰጠ ዕቃው ጥሩ ነው። እየተንሸራተተ ነጣ ያለ ጭረት ብቻ ከተወ ሰሙ በዝቷል። በጥፍር ሲጫር እንደ ቅርፊት የሚረግፈውም ይቅር። ለልጆች ከሆነ ሳጥኑ ላይ የኢኤን 71 ምልክት መኖሩን ማየት አይከፋም፤ የአውሮፓ የመጫወቻ ዕቃ ደኅንነት መመዘኛ ነው።

የክረምት ጠዋት ብርድ ፓስቴልን ያጠጥረዋል፤ ቀለም አልሰጥ ይልና ልጆች ተጭነው ይሰብሩታል። መፍትሔው ዘንጉን ለአንድ ሁለት ደቂቃ በመዳፍ ጨብጦ ማቆየት ነው። «ቀዘቀዘ፣ ሞቀ፣ ለሰለሰ» የሚሉትን ግሦች ለማስገባትም ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም።

ስንት ቀለም? ባለ 12ቱ ይበቃል። ባለ 48ቱ ላይ የሚወጣው ገንዘብ ለቋንቋ ክፍል ብክነት ነው፤ ተማሪው ስማቸውን የማያውቃቸውን ቀለሞች ዝም ብሎ ያነሳል እንጂ አይጠራቸውም። 12 ብቻ ሲሆኑ ግን የፈለገውን ለማግኘት «ጠቆር ያለ»፣ «ፈዘዝ ያለ»፣ «ትንሽ ቀላ ያለ» ማለት ይኖርበታል። ደግሞም ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ሳጥን አይገዛ። ለሦስት ተማሪ አንድ ሳጥን ነው ልኩ። ቀዩ አንድ ብቻ ሲሆን «ቀዩን ስጪኝ»፣ «ቆይ፣ ልጨርስ»፣ «አንተ ጋ ነው እንዴ?» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች ማንም ሳያዝዝ ይወጣሉ። መምህራን ከልጆች መጣላት ለመዳን ሲሉ ለሁሉም አንድ አንድ ያድላሉ፤ ከዕቃው የሚገኘውን ግማሽ ንግግር የሚያጡትም ያን ጊዜ ነው።

የሰው መልክ ሲሣል ደግሞ ሌላ በር ይከፈታል። ርካሽ ሳጥኖች ውስጥ «የቆዳ ቀለም» ተብሎ የሚመጣው ሐመር ሮዝ ነው፤ እዚህ ክፍል ውስጥ ማንንም አይመስልም። ተማሪው ቡኒውን ከብርቱካናማው ጋር ደርቦ፣ ጥቁር ጣል አድርጎበት በጣቱ እያሸ የራሱን ቀለም ይፈልግ። አማርኛ የሚማር ከሆነ «ጠይም»፣ «ቀይ ዳማ»፣ «ጥቁር» እና «ቀይ» የሚሉትን እጁ ላይ እያየ ይለያቸዋል። ከውጭ አገር የመጡ የሐበሻ ልጆች «ቀይ» የሚባለው ሰው ቀይ አለመሆኑን ሲሰሙ የሚያነሱት ክርክር ብቻውን አሥር ደቂቃ ያስኬዳል።

በፓስቴል ከሚሠሩት ሁሉ ለንግግር የሚበልጠው ጭሮ መግለጥ ነው። ግማሽ ኤ 4 ወረቀት በደማቅ ቀለሞች ይሞላል፤ ሙሉው ኤ 4 እጅ ያደክማል፣ ጊዜም ይበላል። ከዚያ ሙሉ በሙሉ በጥቁር ፓስቴል ይሸፈናል። አንዱ ተማሪ በክብሪት እንጨት ቀስ እያለ ይጭራል፤ ሌሎቹ ምን ሊሆን እንደሚችል ይገምታሉ። «ዶሮ ሳይሆን አይቀርም»፣ «ወፍ ሊሆን ይችላል»፣ «አይ፣ ጀበና ነው መሰለኝ።» የግምት አነጋገር በሰዋስው መጽሐፍ ለማስተማር እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ እዚህ ግን ጨዋታው ራሱ ይጠይቀዋል። የሚበላሸው የታችኛው ቀለም ስስ ሲሆን ነው፤ ጥቁሩ ወረቀቱን ይነካና ሲጫር ምንም አይገለጥም። ፍርፋሪው ልብስ ስለሚያበላሽ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ይነጠፍ።

ቀጥሎ ኮላጅ፣ ማለትም ቁርጥራጭ ወረቀት እየለጠፉ ሥዕል መሥራት ነው፤ ከወጪውና ከጥቅሙ ጋር ሲተያይ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። አሮጌ የግድግዳ ካላንደር፣ መጽሔት፣ የሳሙናና የፓስታ ማሸጊያ፣ ካርቶን። ጋዜጣ አይመከርም፤ ቀለሙ እጅ ላይ ይለቃል፣ ወረቀቱም ሙጫ ሲነካው ይሟሽሻል። ለመሠረት የሚሆነው ወረቀት ግን ደህና ይሁን፤ በካሬ ሜትር 80 ግራም የሚመዝነው የፎቶ ኮፒ ወረቀት ይጨማደዳል፣ ከ160 እስከ 200 ግራም ያለው ጠንካራ ወረቀት ይሻላል። መቆጠብ የማይገባው እዚህ ላይ ነው።

አማርኛ ለሚማሩ ሰዎች መቅደድና መቁረጥ ያልታሰበ ሀብት አለው። የትእዛዝ ግሥ ለሴት ሲነገር የመጨረሻው ፊደል ይለወጣል፦ ቅደድ፣ ቅደጂ፤ ቁረጥ፣ ቁረጪ፤ ያዝ፣ ያዢ፤ ክደን፣ ክደኚ። «ደ» ወደ «ጀ»፣ «ጠ» ወደ «ጨ»፣ «ዘ» ወደ «ዠ»፣ «ነ» ወደ «ኘ» ይሄዳል። «ለጥፍ» ግን «ለጥፊ» ነው፤ «ፈ» አይለወጥም። ይህን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማስረዳት ግማሽ ሰዓት ይወስዳል፣ በማግስቱም ይረሳል። ወንድና ሴት ተማሪ አጣምሮ አንዱ እንዲያዝዝ፣ ሌላው እንዲቆርጥ፣ ከዚያ እንዲቀያየሩ ማድረግ ግን ለውጡን ጆሮ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ለስምንት ተማሪ አራት መቀስ ብቻ መግዛትም ከዚህ የተነሳ ነው።

እንግሊዝኛ ለሚማሩት ደግሞ የኮላጅ ጉልበቱ ቁራጩ ከቦታ ቦታ መንቀሳቀሱ ነው። አማርኛ «ጠረጴዛው ሥር» ይላል፤ ዕቃው ይቀድማል፣ ቦታው ይከተላል። እንግሊዝኛ ገልብጦ «አንደር ዘ ቴብል» ይላል። ልጆች «ቴብል አንደር» የሚሉት ከዚህ የተነሳ ነው። የተቆረጠች ድመት ከጠረጴዛ ሥር ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ኋላ ስትዘዋወር በእያንዳንዱ እርምጃ ዓረፍተ ነገሩ ይደገማል። ለዚህ ነው ሙጫ መዘግየት ያለበት። በጣም የተለመደው ስህተት ሙጫውን ከመቀሱ ጋር ማደል ነው፤ ልጆቹ በሦስት ደቂቃ ለጥፈው ይጨርሳሉ፣ ድመቷም ካለችበት አትነሳም። ሙጫው መምህሩ ጋ ይቀመጥ፤ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ቁራጮቹ ከተንቀሳቀሱ በኋላ፣ ተማሪው ምን የት ሊለጥፍ እንደሆነ ተናግሮ ይውሰድ።

ስለ ሙጫው ዓይነት በአጽንኦት መነገር ያለበት ነገር አለ። ማስቲሽ ክፍል ውስጥ አይግባ። ትነቱ ይጎዳል፤ ጎዳና ላይ የኖሩ ልጆች ካሉ ደግሞ ሽታው የሚመልሳቸው ቦታ አለ። ነጩ ኮላ ይበቃል። እሱም ከተወደደ ቤት ውስጥ ይሠራል፦ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የፉርኖ ዱቄት በአንድ ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል፣ በትንሽ እሳት እየተማሰለ እስኪወፍር ድረስ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይቆያል። ከሁለት ቀን በላይ ስለማይቆይ በልክ ይሠራ።

ጭቃ ለግሥ ነው። ከቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች የተቦካ ጭቃ ከተገኘ የሱቁን ባለቀለም ፕላስቲሲን መርሳት ይቻላል፤ ፕላስቲሲኑ በብርድ ይጠጥራል፣ ለትንንሽ ጣቶችም አይታዘዝም። ሦስት ኪሎ ለስምንት ሰው ይደርሳል። በእርጥብ ጨርቅ፣ ከዚያ በፌስታል ከተጠቀለለ ለሳምንታት ይቆያል። አድቦልቡል፣ ጠፍጥፍ፣ ብሳ፣ አለስልስ፤ ለሴትም ብሺ፣ አለስልሺ፤ «ሰ» ወደ «ሸ» ሲሄድ በእጅ ይታያል። ጀበና ቢሠሩ ደግሞ የአካል ክፍሎች ሁሉ ይመጣሉ፤ አፍ፣ አንገት፣ ሆድ፣ ጆሮ። ሰውና ዕቃ በአንድ ቃል ሲጠሩ ማየት ለአማርኛ ተማሪ ትልቅ ግኝት ነው።

ጭቃው የሚሰነጠቅበት ምክንያት ውፍረቱ እኩል አለመሆኑ ነው፤ ስሱ ቀድሞ ደርቆ ይሰበሰባል፣ ወፍራሙ ገና እርጥብ ነው። በበጋ ደረቅ አየር ይብሳል። ውፍረቱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል አይለፍ፤ እጀታ ሲቀጠል ሁለቱም ወገን ተጭሮ በቀጠነ ጭቃ ይያያዝ። ጭቃ ካልተገኘ ሁለት ኩባያ ፉርኖ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ጨው፣ አንድ ኩባያ የሚጠጋ ውሃና አንድ ማንኪያ ዘይት ይለወሳል። ለቢጫ እርድ፣ ለቀይ የቀይ ሥር ውሃ ይሆናል። በርበሬ ግን በፍጹም፤ ልጅ በዚያው እጁ ዓይኑን ያሻል።

የውሃ ቀለም ከሁሉም ዝቅ ያለ ነጥብ የሚያገኘው ለጀማሪ ነው። ብሩሽ ሲታደል ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ለሕክምና ባለሙያ ጸጥታው ራሱ ሥራ ነው፣ ለቋንቋ መምህር ግን የጠፋ ሃያ ደቂቃ ነው። በክረምት እርጥበት ቶሎ አይደርቅም፤ ከ200 ግራም በታች ያለ ወረቀትም ይጎብጣል። ለደረሱ የአማርኛ ተማሪዎች ግን አንድ ቦታ ላይ ወደር የለውም፤ ስለ ስሜት ሲነገር። ሁለት የፍሊፕ ቻርት ወረቀት በቁመት ተያይዞ የሰው ቅርጽ ይነደፋል። ከዚያ ስሜቱ በሚነገርበት ቦታ ላይ ቀለም ይፈሳል፦ ሆዴ ባባ፣ ሆድ ባሰኝ፣ አንጀቴን በላው፣ ልቤ ተሰበረ፣ ፊቱ ጠቆረ። የእኛ ሐዘንና ርኅራኄ አብዛኛው የሚቀመጠው ሆድና አንጀት ውስጥ መሆኑን ተማሪው በካርታ መልክ ያየዋል። ይህን ከልጆች ጋር ከመሥራት በፊት ግን ማሰብ ያስፈልጋል። ከባድ ነገር ሊወጣ ይችላል። ሲወጣ «ለምን?» አይባል፤ «ልታሳየኝ ስለፈለግህ አመሰግናለሁ፤ ማቆም ትችላለህ» ማለት፣ ሥዕሉን ለሌላ ሰው አለማሳየትና ልጁን ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ማድረስ ነው የመምህሩ ድርሻ።

የትኛውም ዕቃ ቢሆን በተሳሳተ ጥያቄ ይከሽፋል። «ይህ ምንድን ነው?» አንድ ቃል ብቻ ያመጣል፤ ቤት። «ጎበዝ፣ በጣም ያምራል» ደግሞ ወሬውን ይዘጋዋል፤ ልጁ ተመስግኖ ጨርሷል። «እዚህ ቤት ውስጥ አሁን ማን አለ?»፣ «በሩ ሲከፈት ምን ይሰማል?»፣ «ይቺ ዛፍ ትናንት የት ነበረች?» የሚሉት ግን ዓረፍተ ነገር ይጠይቃሉ። ሁሉም ልጅ ያንኑ ቤት፣ ጥግ ላይ ያችኑ ፀሐይና ያንኑ ባንዲራ ከሣለ ደግሞ ባዶ ወረቀት ስለተሰጠው ነው። የተቀደደ ባለቀለም ቁራጭ ወረቀቱ ላይ አስቀድሞ ለጥፎ «ይህ የምን ክፍል ነው? ጨርሰው» ማለት ከልማዱ ያወጣዋል።

የመጨረሻው ዕቃ ቀለም አይደለም፤ በቸርችል ጎዳና የቱሪስት ዕቃ መደብሮች የሚሸጠው፣ የንግሥተ ሳባን ታሪክ በክፍል በክፍል የሚያሳየው የሐበሻ ሥዕል ነው። ብዙ ጊዜ 44 ክፍል አለው፤ ከዘንዶው ንግሥና ይጀምርና ነጋዴው ታምሪን፣ የኢየሩሳሌም ጉዞ፣ ሰሎሞን፣ የምኒልክ መወለድ እያለ ይሄዳል። ለኃላፊ ጊዜ ከዚህ የተሻለ መማሪያ በውድ ዋጋ ከውጭ አይመጣም፤ «ሄደች፣ አየች፣ ጠየቀችው፣ ተመለሰች።» ስድስት ክፍል ብቻ ተመርጦ ይሠራበት፣ ከዚያ ተማሪው ወረቀቱን በስድስት ከፍሎ የራሱን ቀን በዚያው ዘይቤ ይሣል። ስድስት ኪሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለው የኢትኖሎጂ ሙዚየም የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች አሉት፤ በዚህ ባህል ደግ ሰው በሁለት ዓይን ፊት ለፊት፣ ክፉ በአንድ ዓይን በጎን ይሣላል። «ስንት ዓይን ይታያል?» ብሎ የሚጀምር ጀማሪ ተማሪ ሳያውቀው «ተንኮለኛ ነው» እስከማለት ይደርሳል።

ሲገዙ የክፍሎቹን ስፋት ይለኩ። እያንዳንዱ ክፍል ከአሥር ሳንቲ ሜትር ካነሰ ስምንት ሰው ዙሪያውን ሆኖ አያየውም፤ በስልክ ፎቶ አንስቶ አራት ኪሎ በግማሽ ኤ 4 ማሳተም ይሻላል። በየክፍሉ ሥር በእጅ የተጻፈ አማርኛ ስላለ መጀመሪያ ይሸፈን፤ በፕላስተር ግን አይሁን፣ ቀለሙን ይልጠዋል። የታጠፈ ወረቀት በክሊፕ ይያዝበት። ተማሪዎቹ የራሳቸውን ዓረፍተ ነገር ከጻፉ በኋላ ወረቀቱ ይነሳና ሠዓሊው ከጻፈው ጋር ያስተያዩ። በእጅ ጽሑፉ «ሠ» እና «ሰ»፣ «ሐ» እና «ሀ» እየተቀያየሩ ስለሚመጡ ማን ልክ እንደሆነ መከራከራቸው አይቀርም፤ ለዚያ አሥር ደቂቃ ይተው።